የቂን ወይስ ግምት?

«የመንፈስ ጭንቀት የሚመጣው በአንጎል ውስጥ ሴሮቶኒን የተባለው ንጥረ ነገር ሲያንስ ነው» ሲባል ሳይሰሙ አልቀሩም። ግን ይህ በምን ታወቀ? መድኃኒቱ ሴሮቶኒንን ይጨምራል፤ ከሕመምተኞቹም የሚሻላቸው አሉ፤ እንግዲያው በሽታው የዚሁ ጉድለት ነው ተባለ። አስፕሪን ራስ ምታትን ስላስታገሰ ራስ ምታት የአስፕሪን እጦት ነው ይባላልን? በ2022 እ.ኤ.አ. የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች የመሩት ሰፊ የጥናቶች ግምገማ ለአባባሉ አስተማማኝ ማስረጃ አላገኘም። (መድኃኒቱ አይረባም ማለት አይደለም፤ ያለ ሐኪም ምክር ማቋረጡም አደገኛ ነው።)

ሳይንቲስቱን ብቻ አንውቀስ። ልጃችን ከክፍሏ አልወጣም ስትል፣ ምግብና እንቅልፍ ሲርቃት፣ «ኢማኗ ደክሞ ነው» እንላለን። ልቧን ከፍቶ ያየ ማነው? ይህም ዘን እንጂ የቂን አይደለም።

በ322 ዓመተ ሒጅራ (934 እ.ኤ.አ.) ያረፉት አቡ ዘይድ አል-በልኺ «መሷሊሑል አብዳን ወል አንፉስ» በተሰኘው መጽሐፋቸው ምክንያቱ የሚታወቀውን ሐዘን ከማይታወቀው ለይተዋል። ሁለተኛውን ከአካል ጋር አያይዘው የአካል ሕክምና እንደሚሻ ጽፈዋል። ስለ ደም የነበራቸው አስተሳሰብ ዛሬ አይሠራም፤ ሐዘንን ሁሉ ግን በአንድ ስም ጠርተው አላለፉም። እኛ ልጅቷን የትኛው እንደያዛት እንኳ አልጠየቅናትም።