«አሪፍ ነው» ካልን በኋላስ?

ጓደኛሞች ሻይ ይዘን ስንቀመጥ አንዱ የጥላሁን ገሠሠን ዘፈን ያነሣል፣ ሌላው የቴዲ አፍሮን፣ ሦስተኛው የህንድ ፊልም። ከዚያ «አሪፍ ነው!» «ኧረ የኔ ይበልጣል!» ይባልና ጨዋታው እዚያው ላይ ያልቃል። የወደዱትን ማካፈል መልካም ነው። ለምን እንደ ወደድነው ካልተነጋገርን ግን ከጓደኛችን የምንማረው ነገር የለም። በተለይ ለመጻፍ ለምንሞክር ሰዎች ነገሩ ከጨዋታ ያልፋል። ጀማሪ ጸሐፊ የሚጽፈው የወደደውን እየመሰለ ነውና።

ለምሳሌ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እንውሰድ። ብዙዎቻችን መጽሐፉን ያወቅነው በዓይናችን ሳይሆን በጆሯችን ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው። ለምን እንደምንወደው ስንጠየቅ መልሳችን አንድ ነው፦ «ያስለቅሳላ!»

ታዲያ ተማሪዎቻችን የሚጽፏቸውን ታሪኮች እንይ። ድሃ ልጅ አለ፣ የሀብታም ልጅ አለች፣ ክፉ አባት አለ፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም ይሞታል። ከመጽሐፉ የተወሰደው ሞቱ ብቻ ነው። ሐዲስ ግን ሞቱን ዝም ብለው አላመጡትም። በዛብህ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ልጅ ነው። ሰብለ ወንጌል ደግሞ አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ በዘር ቆጠራ ምክንያት ሳይድሯት የቆየች ልጅ ናት። የሚገናኙት እሱ ሊያስተምራት ሲመጣ ነው። በዛብህን መንገድ ላይ የሚያቆስሉት ወንበዴዎች ናቸው፤ ለዚያ መንገድ የዳረገው ግን ስለቱና የዘር ቆጠራው ነው። ሞቱ የሚከብደንም ለዚህ ነው።

ይህን በግልጽ የሚናገረው ጉዱ ካሳ ነው። ከባላባት ወገን ሆኖ የባላባቱን ሥርዓት ይተቻል፤ ሰዎቹ «ጉዱ» ያሉትም አስተሳሰቡ ስለማይገባቸው ነው። አንዳንድ ጓደኞቻችን «ንግግሩ ይረዝማል፣ ይሰለቻል» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ አንዳንድ ቦታ ላይ ሰው መሆኑ ቀርቶ ሰባኪ ይመስላል። በሬዲዮ ያልተሰማን የወጋየሁ ድምፅ ስለሸፈነው ይሆናል። ቢሆንም ጉዱ ካሳን ብናወጣው የሚቀረን እንባ ብቻ ነው፤ ለምን እንዳለቀስን የሚነግረን አይኖርም።

እኛ እዚህ ካምፕ ውስጥ ያለን ሰዎች ሞትና መለያየትን ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገንም፤ እናውቀዋለን። የሚያስፈልገን «ይህ ለምን ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ ጽሑፍ ነው። ጠያቂው ደግሞ ጉዱ ካሳን መምሰል የለበትም። ውኃ ለመቅዳት ወረፋ የያዘች እናት ልትሆን ትችላለች፣ ወይም ከትምህርት ቤት የቀረች ልጅ።

ስለዚህ መምህራን፣ ተማሪ የሚወደውን ዘፈን ወይም መጽሐፍ ሲነግራችሁ «ጎበዝ» ብላችሁ አትለፉት። የቱ ቦታ ላይ ደስ እንዳለው ጠይቁት። ምን እንዳልጣመውም ጠይቁት፤ የሚወዱትን ሥራ መተቸት መጥላት አይደለም። ተማሪዎችም እርስ በርስ እንዲሁ ተጠያየቁ። ከዚያ የራሳችሁን ታሪክ ጻፉና አምጡልን። ባለታሪኩ መጨረሻ ላይ ቢሞት አንቃወምም። ለምን እንደ ሞተ ግን እንጠይቃችኋለን።