የወረቀቱ ሊትርና የመንገዱ ሊትር

በዚህ ዓምድ ሂስ ሲቀርብ የለመድነው ስለ መጽሐፍ፣ ስለ ቴአትር ወይም ስለ ዘፈን ነው። ዛሬ የምንሄሰው ጽሑፍ ግን ደራሲው የማይታወቅ፣ ርዝመቱም ከአንድ መስመር የማይበልጥ ነው። እርሱም በመኪና ማስታወቂያ ግርጌ በደቂቅ ፊደል የሚታተመው የነዳጅ ፍጆታ ቁጥር ነው። ይህን ያህል አጭር ጽሑፍ በአንድ ቤተሰብ ላይ ምን ሊያደርስ እንደሚችል በሥራችን ላይ ሳለን ስላየን፣ ዝም ብለን ልናልፈው አልወደድንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቂርያት መናሔም የሚኖሩና በአትክልተኝነት ሥራ የሚተዳደሩ አንድ አባት ከሦስት ዓመት በፊት ሁለተኛ እጅ የሆነች፣ የ2017 ሞዴል የናፍታ ቴንደር (በአገር ቤት ፒክአፕ የምንላትን) በብድር ገዙ። ሻጩ የመኪናዋን ወረቀት አውጥቶ «በ100 ኪሎ ሜትር 7.7 ሊትር» የሚለውን በጣቱ እያሳየ፣ ይህም በአንድ ሊትር 13 ኪሎ ሜትር ማለት እንደ ሆነ አስረዳቸው። እሳቸውም የወር ወጪያቸውንና ብድሩን የሚከፍሉበትን ገንዘብ በዚያው ቁጥር አሰሉ። መኪናዋን አብዛኛውን ጊዜ የሚነዳው ከአገር ቤት ከመጣ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው የወንድማቸው ልጅ ነበር። የነዳጁ ወጪ ግን በየወሩ ከታሰበው በ300 ሼቄል ገደማ እየበለጠ መጣ። አባትየው መጀመሪያ ዝም አሉ፤ ቀጥለው ማታ ማታ ወርደው ቆጣሪውን ማየት ጀመሩ፤ በመጨረሻም አንድ ቀን እራት ላይ፣ ልጆች በተሰበሰቡበት፣ «ናፍታውን የት እያደረስከው ነው?» አሉት። ልጁም ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ።

ወደ እኛ የመጡት ከሽማግሌዎች በኋላ ነው። ሽማግሌዎቹ «ይቅር ተባባሉ» አሏቸው እንጂ ናፍታው የት እንደ ገባ ሊነግሯቸው አልቻሉም። እኛም ብንሆን በሃር ሃጾፊም የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ስንማር ስለ ቤተሰብ ጠብ ብዙ አንብበናል፤ ስለ ናፍታ ግን አንድም ገጽ አልነበረም። ስለዚህ በጣም ተራ ነገር ሐሳብ አቀረብን፤ ደብተር ያዙ አልናቸው።

አያያዙ ይህ ነው። ነዳጅ ማደያው የመሙያው ቀፎ ራሱ ቀጭ ብሎ እስኪዘጋ ድረስ ታንከሩን መሙላትና የቆጣሪውን ቁጥር መጻፍ። ከዚያ እንደ ልማድ መንዳት። በሚቀጥለው ጊዜ በዚያው ማደያ፣ ቢቻል በዚያው ፓምፕ፣ እንደገና እስኪዘጋ ሞልቶ የገባውን ሊትርና የተሄደውን ኪሎ ሜትር መጻፍ። የገባው ሊትር የተቃጠለው ሊትር ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ቢለኩት ግን አይታመንም፤ ምክንያቱም መኪናዋ ትንሽ ዘንበል ብላ ከቆመች ወይም ቀፎው ቀድሞ ከዘጋ የአንድና የሁለት ሊትር ልዩነት ይመጣል። ሰባትና ስምንት ጊዜ ሲደጋገም ግን ይህ ስሕተት ከጠቅላላው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ሒሳብ አለ። በአንደኛው ሙሌት በ25 ሊትር 300 ኪሎ ሜትር ተሄደ እንበል፤ በሊትር 12 ነው። በሁለተኛው በ50 ሊትር 400 ተሄደ፤ በሊትር 8 ነው። አማካዩ 10 ነው የሚል ይሳሳታል። ትክክለኛው 700 ኪሎ ሜትርን ለ75 ሊትር ማካፈል ሲሆን 9.3 ይወጣል። ኪሎ ሜትሩን ከኪሎ ሜትር፣ ሊትሩን ከሊትር ደምሮ መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ማካፈል ነው።

አባትየው ለ11 ሳምንታት መሪውን ራሳቸው ይዘው፣ ደብተሩን ደግሞ የ12 ዓመት ሴት ልጃቸው እየጻፈችላቸው፣ 3,800 ኪሎ ሜትር ሄዱ። የገባው ናፍታ 399 ሊትር ሆነ። በ100 ኪሎ ሜትር 10.5 ሊትር ማለት ነው። ልጁ በመኪናዋ አጠገብ አልደረሰም፤ ናፍታው ግን እንደ ቀድሞው «ጠፋ»። በወር 1,500 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው በወረቀቱና በመንገዱ መካከል ያለው ልዩነት 42 ሊትር ነው። ለሒሳብ እንዲቀል አንዱን ሊትር በ7 ሼቄል ብንይዘው በወር 294፣ በዓመት 3,528 ሼቄል ይሆናል። ያ 300 ሼቄል ይኸው ነበር። (በነገራችን ላይ በዚህ አገር መንግሥት በየወሩ ዋጋውን የሚወስነው ለ95 ቤንዚን ነው፤ የናፍታ ዋጋ ቁጥጥር የለበትምና ከማደያ ማደያ ይለያያል።)

እንግዲህ ወደ ጽሑፉ እንመለስ። በእስራኤል ከ2009 ጀምሮ የግል መኪና ማስታወቂያ የነዳጅ ፍጆታውንና ከ1 እስከ 15 የሚደርሰውን የብክለት ደረጃ እንዲያሳይ በደንብ ታዟል። ሕጉ መልካም ነው። የአቀራረቡ ነገር ግን ለትዝብት የሚዳርግ ነው። የወር ክፍያው እንደ ድንች በገዘፈ ፊደል ይጻፋል፤ «ጽሪኻት ዴሌክ» የሚለው ደግሞ ከታች፣ መነጽር ያደረገ ሰው ወረቀቱን ወደ መስኮት አስጠግቶ በሚያነበው ፊደል ይቀመጣል። ከጎኑም «ኔቱኔይ ሃያጽራን» እና «ማዕባዳ» የሚሉ ቃላት ይገኛሉ። ኡልፓን ገብተን «ዳቦ»፣ «አውቶቡስ»፣ «የሕመም ፈቃድ» የሚሉትን ተምረናል፤ እነዚህን ሁለት ቃላት ያስተማረን ግን የለም። የመጀመሪያው «የአምራቹ መረጃ»፣ ሁለተኛው «ላቦራቶሪ» ማለት ነው። የጽሑፉ ቁም ነገር ያለው በቁጥሩ ላይ ሳይሆን በእነዚህ ሁለት ቃላት ላይ ነው።

የ2017ቱ መኪና ቁጥር የተገኘበት የአውሮፓ ፈተና የሚካሄደው በቤት ውስጥ ነው። መኪናው በሚሽከረከሩ ከበሮዎች ላይ ቆሞ 20 ደቂቃ ያህል ይነዳል፤ የሚሸፍነው ርቀት 11 ኪሎ ሜትር፣ አማካይ ፍጥነቱም በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኤርኮንዲሽኑ ተዘግቷል። ዳገት የለም፤ ከኋላ የተጫነ አፈርም ሆነ የሣር ማጨጃ የለም። የዓለም አቀፍ ንጹሕ ትራንስፖርት ምክር ቤት ተመራማሪዎች በአውሮፓ የግል መኪኖች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ በወረቀቱና በመንገዱ መካከል ያለው ልዩነት በ2001 ወደ 9 በመቶ የነበረው በ2015 ወደ 42 በመቶ ማደጉን አሳይተዋል። ከ2017 ጀምሮ ረዘም ያለና ፈጠን ያለ አዲስ ፈተና ተተክቷል። ሆኖም የአውሮፓ ኮሚሽን በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2021 የተመዘገቡ የቤንዚንና የናፍታ መኪኖች በመንገድ ላይ ከወረቀታቸው 20 በመቶ ያህል አብልጠው እንደሚያቃጥሉ ከራሳቸው ከመኪኖቹ በተሰበሰበ መረጃ ተረጋግጧል። የእኛ ሰው ልዩነት 36 በመቶ ነው። በዘመኑ ከነበረው አይርቅም።

ይህን ስንል አምራቾች ሁሉ ሐሰተኞች ናቸው ማለታችን አይደለም። ያጭበረበሩም አሉ፤ ሚትሱቢሺ በ2016 በጃፓን በ625,000 ትንንሽ መኪኖቹ ላይ የነዳጅ ፈተናውን ማዛባቱን ራሱ አምኗል። የብዙው ቁጥር ግን በፈተናው ሕግ መሠረት እውነት ነው፤ አንዱን መኪና ከሌላው ለማነጻጸር ይጠቅማል። ሁሉም በአንድ ከበሮ ላይ ተፈትነዋልና 7.7 የሚለው 9 ከሚለው እንደሚሻል መገመት ይቻላል። ጥፋቱ የመጣው ማወዳደሪያ የነበረው ቁጥር በሻጩ አፍ ወደ ተስፋ፣ በገዢው ደብተር ወደ በጀት፣ በእራት ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ወደ ምስክርነት ሲለወጥ ነው። በአሜሪካ ከ8,500 ፓውንድ በላይ ጠቅላላ ክብደት እንዲሸከሙ የተሠሩ ትላልቅ ፒክአፖች የፍጆታ ወረቀት እንዲለጥፉ እንኳ አይገደዱም፤ ባለቤቶቹ ራሳቸው ለክተው ካልደረሱበት የሚነግራቸው የለም። አንዳንድ ጊዜ ምንም ቁጥር አለመኖሩ የተሻለ ነው እንድንል ያደርገናል።

የኢየሩሳሌም ነገር ደግሞ ለብቻው መታየት አለበት። ዕብራይስጡ ወደዚች ከተማ «መውጣት» ይላል፤ ናፍታውም ይህን ቃል በቃሉ ይወስደዋል። ከቤን ጉርዮን አካባቢ ተነሥቶ በሻዓር ሃጋይ በኩል ወደ ከተማይቱ የሚመጣ መኪና በ45 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 750 ሜትር ያህል ከፍታ ይወጣል። ሁለት ቶን የሚመዝንን መኪና ይህን ያህል ከፍ ለማድረግ ብቻ ወደ 15 ሜጋጁል ጉልበት ያስፈልጋል። አንድ ሊትር ናፍታ 36 ሜጋጁል ያህል ቢይዝም ሞተሩ ወደ ጎማ የሚያደርሰው አንድ ሦስተኛውን ገደማ ነው። ስለዚህ ዳገቱ ብቻውን 1.2 ሊትር ያህል ይበላል። በወረቀቱ ሒሳብ ለ45 ኪሎ ሜትሩ ሁሉ የተመደበው 3.5 ሊትር ነበር! በዚህ ላይ 700 ኪሎ አፈርና ችግኝ ሲጫን ሌላ ግማሽ ሊትር ለሚጠጋ ተዘጋጁ። ቁልቁል ሲወርዱ በማርሽ ሆኖ እግርን ከነዳጅ መስጫው ላይ ማንሣት ጥቂቱን ይመልሳል፤ የቀረው በፍሬን ላይ ይቃጠላል። ወደ ቴል አቪቭ ሲወርድ ለክቶ «የእኔዋ በሊትር 16 ትሄዳለች» የሚል ጎረቤት ሁላችንም አለን። ሲመለስ እንዲለካ ብንነግረው ይቀየመናል።

አባትየው ከሚሠሩባቸው ግቢዎች ጥቂቶቹ በነቢያት መንገድና በኢትዮጵያ መንገድ ዙሪያ ናቸው። ወደ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ክቡን ቤተ ክርስቲያን ለማየት እንግዳ ይዞ የሄደ ሁሉ ያችን ጎዳና ያውቃታል፤ በሁለት ወገን ረጅም የድንጋይ አጥር፣ በመካከሏ ጠባብ መተላለፊያ። ቤተ ክርስቲያኑ በ1880ዎቹ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተጀምሮ በ1893 በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲፈጸም፣ ጎዳናዋ ቴንደርን ታስተናግዳለች ብሎ ያሰበ አልነበረም። ከፊት አንድ መኪና ዕቃ ሲያወርድ ከኋላ ያለው ሞተሩን ሳያጠፋ ሩብ ሰዓት ይቆማል። የቆመ ናፍታ ሞተር በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ያቃጥላል፤ ኪሎ ሜትሩ ግን ዜሮ ነው። ደብተሩ ላይ በእነዚያ ሳምንታት የተመዘገበው ከሌሎቹ የባሰ ነበር።

«መኪናው ራሱ በመስታወቱ ላይ ያሳይ የለም ወይ?» የሚሉን አሉ። ያሳያል፤ ነገር ግን ኮምፒውተሩ የሚያሳየው የራሱን ስሌት ነው፤ ብዙ ጊዜም በጥቂት በመቶ ወደ ባለቤቱ ደስታ ያደላል። የአባትየው መኪና 9.8 ይል ነበር።

ራሳችንንም መሄስ ተገቢ ነው። በሥራችን ከምናገኛቸው ቤተሰቦች ብዙዎቹ የ50 ወይም የ100 ሼቄል ነዳጅ እየቀዱ የሚሄዱ ናቸው። ምክንያቱን እናውቃለን፤ ታንከር የሚሞላ ገንዘብ በአንድ ቀን አይገኝም። ይሁን እንጂ እንዲህ የሚቀዳ ሰው መኪናው ምን ያህል እንደሚበላ ፈጽሞ ሊያውቅ አይችልም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በወሩ መጀመሪያ አንድ ጊዜ ሞልቶ፣ በመካከል በፈለጉት መጠን እየቀዱ ደረሰኙን ማስቀመጥ፣ በወሩ መጨረሻ ደግሞ እንደገና መሙላትና ሁሉንም ሊትር መደመር። የራሱ ሥራ ያለው ሰው ደረሰኙን ለሒሳብ ሠራተኛውም ይፈልገዋል። ደግሞስ ይህ ለእኛ አዲስ ነገር ነው? በአገር ቤት በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሾፌር ሁሉ የስምሪት ወረቀትና የነዳጅ ኩፖን ያውቃል፤ ኪሎ ሜትሩና ሊትሩ ካልተገናኘ ይጠየቅ ነበር። እዚያ የለመድነውን እዚህ ለምን እንደ ተውነው አልገባንም።

ደብተሩም እንከን የለሽ አይደለም። የሚናገረው ስለ አንዲት መኪና፣ ስለ አንድ ነጂና ስለ አንድ መንገድ ብቻ ነው። ትልቅ ጎማ ከተገጠመ ቆጣሪው ኪሎ ሜትሩን አሳንሶ ይቆጥራል፤ ያን ጊዜ ሒሳቡ ሁሉ ይዛባል። አንድ ሌላ ነገርም ከንክኖናል፤ ደረሰኙን እያነበበች የምትጽፈው የ12 ዓመት ልጅ ናት። ወላጆች በዕብራይስጡ ምክንያት የቤቱን ገንዘብ ጉዳይ ሁሉ በልጆች ትከሻ ላይ ሲጭኑ ደስ አይለንም። ቁጥሩ ግን በየትኛውም ቋንቋ ቁጥር ነውና ከአምስተኛው ሳምንት በኋላ አባትየው ራሳቸው መጻፍ ጀመሩ።

ደብተሩ ሲያልቅ ሽማግሌዎቹን መልሰው ጠሩና 399ን ለ3,800 አካፍለው በፊታቸው አሳዩ። ከዚያም ወደ ወንድማቸው ልጅ ስልክ ደወሉ። ልጁ አሁን ሎድ ውስጥ በአንድ መጋዘን ይሠራል፤ ወደ መኪናዋ አልተመለሰም። ባለፈው ሲግድ በአርሞን ሃናጺቭ ተገናኝተው ጉልበታቸውን ሊስም ሲል ቀድመው አቅፈውታል። «አጎቴ፣ አሁን ስንት ትበላለች?» ብሎ ጠየቃቸው። የመሰላሉን መደርደሪያ ከጣሪያዋ ላይ ካወረዱና የጎማውን ንፋስ ካስተካከሉ ወዲህ 9.9 ሆናለች አሉት።