ጥሩ የኧርዝ ሥራ በምን ይታወቃል?

መካነ ሰላም ከተማ ላይ አዲስ ቤት ያሠራ ሰው የኤሌክትሪክ ሥራውን ሲያስጎበኝ አምፖሉንና ሶኬቱን ያስቀድማል። እኔ ዋናውን ማጥፊያ ዝቅ አድርጋችሁ የብሬከር ሳጥኑን ክፈቱልኝ እላለሁ። ክዳኑ ሲነሳ አረንጓዴና ቢጫውን የኧርዝ ሽቦ ካየሁ ግማሽ እምነት ያድርብኛል፤ ቀሪው ግማሽ የሚመጣው ሽቦው የት እንደሚደርስ ሳረጋግጥ ነው። በብዙ ቤት ሳጥኑ ውስጥ ይጀምርና ግድግዳ ውስጥ ይጠፋል። የሶኬቱ የኧርዝ ብረት ፊት ለፊት ይታያል፣ ጀርባው ሲፈታ ግን ምንም አልታሰረበትም።

መብራት ኃይል እያልን የምንጠራው መሥሪያ ቤት፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የሚባለው፣ ለአንድ መኖሪያ ቤት በአብዛኛው ከምሰሶ የሚያወርደው ሁለት ሽቦ ነው፤ ፌዝና ኒውትራል። ሦስተኛውን፣ ኧርዙን፣ የሚያዘጋጀው ባለቤቱ ነው። ሥራው ችላ የሚባለውም ስለዚህ ነው፤ ኧርዝ ባይኖርም መብራቱ ይበራል፣ ቴሌቪዥኑ ይሠራል፣ ምጣዱ ይግላል። ጉድለቱ የሚታወቀው አንድ ነገር የተበላሸ ቀን ነው።

ሥራውን ስመዝን መጀመሪያ የምጠይቀው፣ ፌዙ ከምጣዱ ብረት ጋር የተነካካ ቀን ብሬከሩ ይወርዳል ወይስ አይወርድም ነው። ብዙ ሰው መሬት ውስጥ ብረት ከተቀበረ ጣጣው አለቀ ብሎ ያምናል። እስቲ እናስላው። መሬት የተቀበረው የቤቱ ዘንግ ተቃውሞ 40 ኦም፣ ትራንስፎርመሩ ሥር ያለው የኧርዝ ተቃውሞ ደግሞ 5 ኦም ይሁን። 220 ቮልት ለ45 ሲካፈል 5 አምፔር እንኳ አይሞላም። ለምጣድ የተገጠመ የ25 አምፔር ብሬከር በዚህ ፈጽሞ አይወርድም። የምጣዱ ብረት 195 ቮልት ገደማ ተሸክሞ ይቀመጣል፤ ሰው ሊነካው የሚችል ብረት ግን ከ50 ቮልት በላይ ይዞ እንዳይቆይ ነው የሙያው ደንብ። ዘንግ ብቻውን ያልተሟላ ሥራ ነው የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚያሟላው አርሲዲ የሚባለው፣ ፊቱ ላይ «ቲ» የተጻፈበት መሞከሪያ ቁልፍ ያለው ብሬከር ነው። በፌዝ የሄደውና በኒውትራል የተመለሰው እኩል መሆኑን ይከታተላል፤ 30 ሚሊ አምፔር ያህል ወደ ሌላ መንገድ ካፈነገጠ በሴኮንድ ሽርፍራፊ ጊዜ ይቆርጣል። እንዲህ ያለ ጠባቂ ሲኖር የ40 ኦም ዘንግ ከበቂ በላይ ነው። በስሌቱ ከ1,600 ኦም በላይ የሆነ እንኳ ያስቆርጠዋል፤ ጠንቃቃ ባለሙያ ግን መሬቱ ሲደርቅ ቁጥሩ እንደሚዋዥቅ ስለሚያውቅ ከ200 ኦም በታች ካልወረደለት አይረካም። አርሲዲ የሌለበትን አዲስ ሳጥን፣ አደራደሩ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ጥሩ ሥራ ብዬ አልቀበልም።

ከጉድለት ሁሉ የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። አንዳንድ ሠራተኛ ኧርዝ መዘርጋት ሲደክመው ሶኬቱ ውስጥ በአጭር ሽቦ ኒውትራሉን ከኧርዙ ብረት ጋር ያገናኛል። በመለኪያ ሲታይ ኧርዝ ያለ ይመስላል። ነገር ግን በነፋስ የሚወዛወዝ የደጋ መስመር ኒውትራሉ አንድ ቀን ምሰሶ ላይ ቢበጠስ፣ በአምፖሉና በማቀዝቀዣው በኩል የሚመጣው ፌዝ መመለሻ ያጣና በዚያች አጭር ሽቦ አድርጎ በየዕቃው ብረት ላይ ይወጣል። ያልተበላሸ ዕቃ ሰው ይገድላል ማለት ነው። ኒውትራልና ኧርዝ የሚገናኙ ከሆነ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ መስመሩ ወደ ቤት በሚገባበት ዋና ሳጥን፣ ከአርሲዲው በፊት፣ ያውም መብራት ኃይል ሲፈቅድ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ የየራሳቸው ባር ኖሯቸው ተለያይተው መሄድ አለባቸው። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በከተማው ከተከፈተ ወዲህ በየግቢው የሚከራይ ክፍል ስለበዛ፣ ከዋናው ሳጥን ሌላ ትንንሽ ሳጥን ያለው ቤት ብዙ ነው። እኔ የማየው እነዚያን ትንንሾቹን ነው። ኒውትራሉና ኧርዙ አንድ ባር ላይ ተደባልቀው ካገኘኋቸው ሥራው ወድቋል።

አሁን ወደ መሬቱ። በቦረና፣ በወግዲ፣ በለጋምቦና በከላላ ወረዳዎች ደጋ ዘንግ መቅበር የአካባቢውን አፈር ማወቅ ይጠይቃል። ሜዳው ላይ ያለው ዋልካ በክረምት ውኃ ይዞ ያብጣል፤ ያኔ ኮረንቲ የሚያስተላልፍ ግሩም አፈር ነው። በበጋ ይኮማተርና ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ዘንጉን ተከትሎ ከወረደ ብረቱ አየር ታቅፎ ይቀራል። ገደላማው ላይ ደግሞ ጥቂት እንደተቆፈረ ጥቁሩ ድንጋይ ይገጥማል፤ ሠራተኛው ያልገባለትን ዘንግ አናቱን ቆርጦ፣ አፈር አልብሶ ይሄዳል። የዘንጉ አናት በአፈር ተደፍኖ ከጠበቀኝ የመጀመሪያ ጥርጣሬዬ እዚያ ይነሳል። ጥሩ ሠራተኛ አናቱን በትንሽ የሲሚንቶ ጉድጓድ ከልሎ፣ ክዳን አድርጎለት፣ ማሰሪያው እንዲፈተሽ ይተወዋል። ድንጋይ ከገጠመውም ቦታ ቀይሮ ሁለት ወይም ሦስት ዘንግ ይመታል፤ አንዱን ከሌላው ቢያንስ በዘንጉ ርዝመት ያህል ያራርቅና በመዳብ ሽቦ ያያይዛቸዋል። ጨውና ከሰል መጨመር የቆየ ልማድ ነው። ጨው ለጊዜው ቁጥሩን ያሳምራል፤ ክረምቱ ግን አጥቦ ይወስደዋል፣ እስኪወስደውም ብረቱን ይበላዋል። በነሐሴ ጭቃ ላይ ተለክቶ «10 ኦም ነው» የተባለልኝን አልቀበልም። በጥር ይለካ።

ቤት ገና ልትሠሩ ላሰባችሁ ከዚህ የሚሻል መንገድ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ኸርበርት ዩፈር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በደረቁ የአሪዞና ምድር የጥይት መጋዘኖችን ኧርዝ እንዲያደርግ ታዘዘ። በመሠረቱ ኮንክሪት ውስጥ ያለውን ፌሮ ተጠቀመበት፤ ከዓመታት በኋላ ሲለካም ተቃውሞው ዝቅ እንዳለ ተገኘ። ከአፈር ጋር የተጣበቀ ኮንክሪት እርጥበት ይይዛል፣ የሚነካውም የመሬት ስፋት ከአንድ ዘንግ ጋር የሚወዳደር አይደለም። በብሎኬትና በኮለን የሚሠራ ቤት ፌሮውን እንደሆነ ገዝቶታል። መሠረቱ ሳይሞላ የታችኛው ፌሮ እርስ በርሱ በደንብ ታስሮ፣ ከእሱ አንድ ጫፍ ሳጥኑ ወደሚቀመጥበት ግድግዳ ከወጣ ዋናው ሥራ አለቀ። ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ ግን ይህ ዕድል አይመለስም። ግንበኛውና የኤሌክትሪክ ሠራተኛው በዚያች ቀን አብረው የተገኙበት ቤት ካየሁ ባለቤቱን አመሰግናለሁ።

ከሳጥኑና ከመሬቱ በኋላ ወደ ማብሰያ ቤት እሄዳለሁ፤ የሥራው እውነተኛ ፈተና ያለው እዚያ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ከ14 እስከ 18 አምፔር መሆኑ ነው። ሊጡ ይፈሳል፣ እንፋሎቱ ገመዱን ያረጥበዋል፣ የምትጋግረዋ ሴት እጇ እርጥብ ነው፣ አንዳንዴም ባዶ እግሯን አፈር ወለል ላይ ቆማለች። «ምጣዱ ይነዝራል» ተብሎ በሥሩ ጣውላ ሲነጠፍ አይቻለሁ። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ፤ የሚነዝር ምጣድ የኧርዝ ሽቦው የተቆረጠ ወይም ከመጀመሪያውም ያልነበረ ምጣድ ነው። ለምጣዱ ከሳጥኑ የተነሳ የራሱ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ መስመር፣ ከመስመሩም ጋር እስከ ምጣዱ ብረት ያልተቋረጠ የኧርዝ ሽቦ ሊኖር ይገባል።

ማብሰያ ቤቱ የቆርቆሮ ከሆነ ደግሞ ሌላ ሥራ ይጨመራል። አንዲት ሚስማር ገመድ ብትወጋ ግድግዳው በሙሉ ፌዝ ይሆናል። ስለዚህ ቆርቆሮው፣ የብረት በሩ፣ የብረት ቧንቧው ካለም እሱ፣ በሽቦ ተያይዘው ወደ ኧርዙ ባር መምጣት አለባቸው። በአንድ ጊዜ በሁለት እጅ ሊነኩ የሚችሉ ብረቶች ሁሉ እኩል ቮልቴጅ ላይ ከሆኑ በመካከላቸው ያለን ሰው ኮረንቲ አይገፋውም። የውኃ ቧንቧን ብቻውን ኧርዝ አድርጎ መመካት ግን ያለፈበት ነው፤ በፕላስቲክ የተተካ አንድ ሜትር ቧንቧ መንገዱን ይዘጋዋል።

ስለ መብረቅ አንድ ነገር ብቻ። ለዲሹ ምሰሶ አንድ ዘንግ፣ ለቤቱ ሌላ ዘንግ አድርጎ ሳያገናኙ መተው አደገኛ ነው፤ መብረቅ አንዱን ሲመታ በሁለቱ መካከል የሚፈጠረው ልዩነት በቴሌቪዥኑ በኩል መንገድ ይፈልጋል። የግቢው ዘንጎች ሁሉ አንድ ላይ ይታሰሩ።

የእጅ ጥበቡ በትንንሽ ነገር ይታያል። በአንድ ብሎን ሥር አንድ ሽቦ ብቻ ይገባል። ጫፉ በናስትሮ ተጠቅልሎ ሳይሆን በማያያዣ ተጠብቆ፣ ሳብ ሲደረግ አይነቃነቅም። ኧርዙ በማንኛውም ማጥፊያ ውስጥ አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ 10ኛ ክፍል ስለ ሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ የሚናገር ነው፤ እሱን ያነበበ ሠራተኛ ከአነጋገሩ ይለያል፣ ስለ ዋጋ ከማውራቱ በፊት አፈሩን ይጠይቃል።

የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊት ሠራተኛው ፊት ለፊታችሁ የአርሲዲውን ቁልፍ ይጫን፤ ወዲያው መውረድ አለበት። ይህ ቁልፍ ራሱን አርሲዲውን እንጂ ዘንጉን እንደማይፈትሽ ግን እወቁ፤ ኧርዝ በሌለበት ቤትም ይወርዳል። ስለዚህ የዘንጉን ተቃውሞ በመለኪያ ይለካ፣ ከየሶኬቱና ከምጣዱ ብረት እስከ ባሩ ሽቦው አለመቋረጡን ያሳያችሁ፣ ቁጥሩንና ቀኑንም በሳጥኑ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ይጻፍላችሁ። ይህን ለማድረግ የሚያመነታ ከሆነ ክፍያውን አቆዩት።