ጉዞውን የሚያሰናዳው ሰው

ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለመኪና የግማሽ ቀን መንገድ፣ ለብስክሌት ክበብ ግን ባቱ ላይ ታድሮ በሁለት ቀን የሚገባ ጉዞ ነው። ፔዳል የሚረግጡትን ሁሉም ያያቸዋል፤ እኔ የማደንቀው ጉዞውን የሚያሰናዳውን ነው።

እስከ ሞጆ ድረስ ከባድ መኪና ስለሚበዛ ጎህ ሳይቀድ ሁሉንም ያስነሳል። ከሞጆ ወደ መቂ ከታጠፉ በኋላ ሙቀቱ ይበረታልና ውሃ የት እንደሚታደል አስቀድሞ ቆርጧል። በዋዜማው እያንዳንዱን ብስክሌት እየዞረ ያያል፤ ፍሬኑን ጨበጥ፣ ጎማውን በአውራ ጣቱ ጫን፣ ካቴናውን ዞር ዞር ያደርጋል። ትርፍ ካላማዳሪያ ያልያዘ ሰው ንቅንቅ አይልም።

መንገድ ላይ ጉልበት ያላቸው ተራ በተራ ፊት እየወጡ ነፋሱን ይቀበላሉ፤ የደከመው ከኋላ ተጠግቶ ኃይሉን ይቆጥባል። ፍጥነቱ የሚለካው በደካማው ነው፤ የአንዱ ጎማ ሲተነፍስ ሁሉም ይቆማል። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ኮርተናል፤ ውድድር የራሱ ክብር አለው። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ማንም ሳይቀር አብሮ መድረስ ግን ለእኔ ከዚያም ይበልጥብኛል።

ጉዞውን የሚያሰናዳው ሰው ብዙ ጊዜ የራሱን ብስክሌት ቤቱ ትቶ አጃቢውን መኪና ይነዳል። በክበባችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ፣ በሚቀጥለው ጉዞ መሪውን ተቀበሉትና እሱም ብስክሌቱ ላይ ይውጣ።