«የማይመች እውነት» በክፍል ውስጥ

የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት አል ጎር ስለ ምድር ሙቀት መጨመር የሚናገሩበትን «የማይመች እውነት» የተባለውን ፊልም ለእጩ መምህራን ስናሳይ ቆይተናል። ፊልሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሆን አዘጋጁ ዴቪስ ጉገንሃይም ነው። ሂስ ልናቀርብበት የተነሣነው ዋናው ሐሳቡ ስሕተት ነው ብለን አይደለም። ስለ ማስተማሪያነቱ ግን የምንለው አለን።

በመጀመሪያ ምስጋናው። ቻርልስ ኪሊንግ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ በሃዋይ፣ በማውና ሎዋ ተራራ ላይ የለካው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መስመር ሲቀርብ፣ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 315 ገደማ የነበረው ወደ 380 እንዴት እንደወጣ ማንኛውም ተማሪ ያለ ቀመር ይረዳዋል። (መስመሩ ዛሬ 420ን አልፏል።) አል ጎር የወደፊቱን ለማሳየት በማንሻ መሣሪያ ላይ ቆመው ወደ ላይ የሚወጡበት ትዕይንትም በቀላሉ አይረሳም። ጠመኔና ሰሌዳ ብቻ ያለን መምህራን ይህን ስናይ መቅናታችን አልቀረም።

ችግሩ የሚመጣው ኪሊማንጃሮ ላይ ነው። ፊልሙ የተራራው በረዶ መመንመኑን በፎቶግራፍ ያሳይና በአሥር ዓመት ውስጥ እንደሚጠፋ ይናገራል። አሥሩ ዓመት አልፏል፤ በረዶው እጅግ ቢያንስም ዛሬም አለ። ከእጩ መምህራኑ አንዷ እጇን አውጥታ፣ «ታዲያ የቀረውስ እውነት መሆኑን በምን እናውቃለን?» ስትል ጠየቀችን። ጥያቄዋ ተገቢ ነበር። የኪሊማንጃሮ ጫፍ 5,895 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ብዙውን ጊዜ ከዜሮ ዲግሪ በታች ነው። ስለዚህ ከበረዶው ብዙው የሚጠፋው ቀልጦ ሳይሆን በፀሐይ ኃይልና በአየሩ ድርቀት በቀጥታ ወደ ተንነት እየተለወጠ ነው። መመንመኑም የጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ፣ የፋብሪካው ጢስ ገና ሳይበዛ ነው። የዓለም ሙቀት መጨመር ድርሻ የለውም ማለታችን አይደለም፤ ነገር ግን ለክርክሩ የተጠራው ተራራ ደካማ ምስክር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 የእንግሊዝ መንግሥት ፊልሙን ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለማደል ሲነሣ አንድ የተማሪ ወላጅ ከሶ ነበር። ዳኛው ማይክል በርተን የፊልሙ ዋና ሐሳብ በሳይንስ የተደገፈ መሆኑን ተቀብለው፣ ከሊቃውንት የጋራ አቋም የራቀባቸውን ዘጠኝ ነጥቦች ለዩ። ኪሊማንጃሮ አንዱ ነው፤ የባሕር ወለል በቅርቡ 6 ሜትር ያህል የሚነሣ የሚያስመስለው ክፍል ሌላው ነው። ፍርዱም ፊልሙ ይታይ፣ ለመምህሩ ግን ማብራሪያ አብሮ ይሰጥ የሚል ነበር። ተቃዋሚዎች ዘጠኙን እየቆጠሩ ዋናውን ዘለሉት፤ ከደጋፊዎችም ዋናውን ይዞ ዘጠኙን የዘለለ አልጠፋም።

ለልጅቷ ጥያቄ የሚሆነው መልስ በፊልሙ ውስጥ አለመኖሩ ይቆጨናል። ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ ዘይት የሚወጣው ካርቦን በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ዓመታት ከመሬት በታች የቆየ በመሆኑ ካርቦን 14 የተባለው ዓይነት አልቆበታል። የኒውክሌር ቦምብ ሙከራዎች ሁኔታውን ከማዛባታቸው በፊት፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ፣ በአየር ውስጥ ያለው የካርቦን 14 ድርሻ ሲቀንስ ተለክቷል። የተጨመረው ጋዝ ከየት እንደመጣ የሚናገረው ይህ ነው። ከበረዶ ፎቶግራፍ ይልቅ ይህ ለኬሚስትሪ መምህር በተመቸው ነበር፤ ለሲኒማ ግን አያምርም።

አሁን ፊልሙን ስናሳይ ኪሊማንጃሮ ላይ ስንደርስ እናቆመዋለን። የልጅቷን ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጽፈን ክፍሉን እናከራክርና፣ ቀሪውን የምናሳየው በማግስቱ ነው።