መድፈንና ማሸግ፤ ስለ መንዝ ቤቶች ስንጥቅ

በመሐል ሜዳና በአካባቢው ስላለው የደንጊያ ቤት ሲነገር፣ ነፋስና ዝናም የሚያስገባው ጭቃው ነው፤ በሲሚንቶ ቢተካ ይድናል የሚል ፍርድ ይሰማል። እኛ ይህን ፍርድ አንቀበለውም። ስሕተቱ የመጣው ከጭቃው ሳይሆን፣ ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎችን «መድፈን» በሚል አንድ ስም ከመጥራት ነው።

መድፈን የማይንቀሳቀስን ክፍተት መሙላት ነው። በደንጊያና በደንጊያ መካከል የሚገባው ጭቃ፣ ከቀለም በፊት የሚቀባው ስቱኮ፣ ከፋብሪካ የሚመጣው የአክሪሊክ መሙያም ከዚህ ወገን ናቸው፤ ሲደርቁ ይኮማተራሉ፣ ሲሳቡም እምብዛም አይለጠጡም። ማሸግ ግን የሚሰፋና የሚጠብ መጋጠሚያን ውሃና ነፋስ እንዳያሳልፍ አድርጎ መዝጋት ነው። ሲሊኮንና ፖሊዩሬቴን ለዚህ የተሠሩ ናቸው፤ ተለጥጠው ይመለሳሉና።

መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፣ ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ የሚያቃጥል ፀሐይ ነው። 3 ሜትር የሚረዝም የብረት ቆርቆሮ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ቢለዋወጥ 1.4 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ መልሶም ያጥራል። የበርና የመስኮት እንጨትም በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሟሽሻል። ደንጊያው ግን እኩል አይከተላቸውም። ስለዚህ በመካከላቸው የተደፈነው ሲሚንቶ፣ ምንም ቢጠነክር፣ እንደ ጭቃው ሁሉ ይሰነጠቃል።

የጓሳ ሣር ክዳን ባለው ቤት ይህ ችግር እምብዛም አልነበረም። ሣሩ ለስላሳ በመሆኑ በግድግዳው ራስ ላይ ተኝቶ ክፍተቱን ይዘጋል፤ ወደ ውጭ የወጣው ጠርዙም ዝናሙን ከጭቃው ያርቃል። ቆርቆሮ ሲመጣ አዲስ ተንቀሳቃሽ መጋጠሚያ መጣ፤ የአደፋፈኑ ልማድ ግን የቀድሞው እንደ ሆነ ቀረ።

ታዲያ ሁሉም ሲሊኮን ይግዛ ማለታችን ነውን? አይደለም። ሲሊኮን አቧራ በሚለቅ ጭቃ ላይ አይይዝም፤ የተለመደው ዓይነት ቀለምም አይቀበልም። ቦታው ከብረት በእጥፍ ያህል በሚለጠጠው በአሉሚኒየምና በመስተዋት መካከል ነው። ለጭቃ ቤት ግን የቆርቆሮውን ጠርዝ ማስረዘም፣ ከሥሩም ሣር ጠቅጥቆ በየጊዜው ማደስ ይሻላል።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ባለቤቱም ግንበኛውም «ይህ ክፍተት ይንቀሳቀሳል ወይስ አይንቀሳቀስም?» ብለው ይጠይቁ። የማይንቀሳቀሰውን ጭቃ ይበቃዋል፤ የሚንቀሳቀሰውን ሲሚንቶም አያድነውም።