ከፎቶው ውጭ የቀረው ቦይ

እነዚህን ፎቶዎች ሳታዩ አትቀሩም። ገና በደንብ ያልነጋ ሰማይ፣ ብርቱካናማ ጉም፣ ከጉሙ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ነጭ ዝዮች በአንዴ ብድግ ሲሉ። ቀጥሎ ደግሞ ዱካ የሌለበት ነጭ የአሸዋ ክምር። ብዙ ጊዜ ሁለቱም የሚገኙት ከአንድ ጉዞ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ፣ ኒው ሜክሲኮ በምትባለው ግዛት፣ በብርዱ ወራት በአስጎብኚ የሚካሄድ የዱር እንስሳት ፎቶግራፍ ጉዞ። መጀመሪያ ቦስኬ ዴል አፓቼ የተባለው የወፎች መጠለያ፣ ከዚያ በመኪና ጥቂት ሰዓት ወደ ደቡብ፣ ዋይት ሳንድስ በረሃ።

ፎቶዎቹ ያምራሉ፣ እሱ ላይ ጥል የለኝም። እንዲያውም አስጎብኚዎች የሚያስተምሩት ነገር ፊዚክስ አለበት። ካሜራ ፊቱ ያለው ነገር በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል። ነጭ አሸዋ ላይ ስታነጣጥሩት «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ይቀንስና አሸዋው አመድ መስሎ ይወጣል። መፍትሔው ኤክስፖዠሩን በአንድ ወይም በሁለት ስቶፕ ከፍ ማድረግ ነው፤ አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ማለት ነው። ይህን ለጀማሪ በትዕግሥት የሚያስረዳ አስጎብኚ ክፍያው ይገባዋል።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። ፎቶዎቹ የሚሸጡት «ያልተነካ ተፈጥሮ» ተብለው ነው። የውሃ ምህንድስና ለሚማር ሰው ደግሞ ቦስኬ ዴል አፓቼ ማለት፣ በቃ፣ አንድ ትልቅ የመስኖ ፕሮጀክት ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። የሪዮ ግራንዴ ወንዝ ድሮ በየዓመቱ እየሞላ፣ አካሄዱንም እየቀያየረ፣ በዳርና ዳሩ ረግረግ ይፈጥር ነበር። ግድብና የጎርፍ መከላከያ ካብ ሲሠራበት ያ ሙላት ቆመ። መጠለያው እ.ኤ.አ. በ1939 ከተቋቋመ ወዲህ የጠፋውን ጎርፍ በእጅ መሥራት ግድ ሆነ፤ ቦይ ተቆፈረ፣ ኩሬ ተከፋፈለ፣ በየቦዩ ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ በር ተተከለ። የሚወራረደው ውሃ የተለካ ነው፤ ሠራተኞች የትኛው ኩሬ መቼ ይሙላ፣ መቼ ይድረቅ ብለው ያቅዳሉ። ለወፎቹ ተብሎ በቆሎ ይዘራል፣ በብርዱ ወራትም በየተራ እየታጨደ ይተኛላቸዋል። ይህ ደግነት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ወፎቹ የጎረቤት ገበሬ ማሳ ውስጥ እንዳይገቡም ነው።

የፎቶዎቹ ዋና ተዋናይ ሳንድሂል ክሬን ነው። (ክሬን ስል የሕንፃ ማንሻው ትዝ ካላችሁ አልተሳሳታችሁም፤ ማሽኑ ስሙን ያገኘው ከዚህ አንገተ ረጅም ወፍ ነው።) ክሬን የሚያድረው ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆሞ ነው። ለምን? ኮዮቴ የሚባለው ቀበሮ መሰል አውሬ ሊይዘው ሲመጣ ውሃው ይንቦጫረቃል፣ ወፉም ይነቃል። ውሃው በጣም ከጠለቀ መቆም አይችልም፤ ከደረቀ ደግሞ አውሬው ኮሽታ ሳያሰማ ይደርስበታል። እንግዲህ የወፉ የሌሊት ደኅንነት የቦዩ በር ስንት ሴንቲሜትር እንደተከፈተ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 እዚያ የከረሙት ክሬኖች 17 ብቻ ነበሩ። ዛሬ በሺዎች ናቸው። ይህን ታሪክ የሚናገር አንድ ፎቶ ፈልጉ እስቲ። የቦዩ በርም፣ የበቆሎው ማሳም፣ ዳር ላይ ተኮልኩሎ የቆመው የካሜራ ሰልፍም ሁሌ ተቆርጦ ወጥቷል።

ምን ችግር አለው ትሉ ይሆናል። ችግሩ፣ ሪዮ ግራንዴ በዚያ አካባቢ በበጋ እየደረቀ ነው፤ ያለውን ውሃ ከተማውም ገበሬውም መጠለያውም ይሻሙታል። ቦታው «በራሱ የሚኖር ተፈጥሮ» ነው ብሎ ያመነ ሰው፣ ለመጠለያው ውሃ ይመደብ ሲባል ምክንያቱ አይገባውም።

ዋይት ሳንድስም ያው ነው። አሸዋው ተራ አሸዋ አይደለም፣ ጀሶ ነው፤ አዎ፣ ኮርኒስ ላይ የሚለሰነው ጀሶ። ጀሶ በውሃ ስለሚሟሟ በሌላ አገር ወንዝ ጠርጎ ባሕር ያስገባዋል። እዚህ ግን ሸለቆው መውጫ ስለሌለው እዚያው ቀረ፤ 700 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሸፍኗል። ክምሩን ነፋስ ጠርጎ እንዳይወስደው የሚይዘው ከሥሩ በቅርብ ርቀት ያለው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ዙሪያውን ያለው ደግሞ የሚሳኤል መሞከሪያ ክልል ነው፤ ሙከራ ሲኖር የፓርኩ መንገድ ለሰዓታት ሊዘጋ ይችላል። የመጀመሪያው የአቶሚክ ቦምብ እ.ኤ.አ. ጁላይ 16 ቀን 1945 የፈነዳው እዚያው ክልል ውስጥ ሰሜኑ ጫፍ ላይ ነው። «ሰው ያልረገጠው» የሚለው የፎቶ መግለጫ እዚህ ላይ ያስቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ዝዮቹ በአንድ ላይ የሚነሡበትን ቅጽበት ለማግኘት ሆን ብሎ የሚያስበረግግ ፎቶ አንሺ አለ። ለወፍ ከመሬት መነሣት ከበረራ ሁሉ ጉልበት የሚጨርሰው ክፍል ነው፤ ያ ጉልበት ለሌሊቱ ብርድ የተቀመጠ ስንቅ ነበር። እንዲህ የተነሣ ፎቶ ቴክኒኩ የቱንም ያህል ቢያምር ለእኔ ዜሮ ነው።

እኛም አገር ክሬን ይመጣል። ከአውሮፓና ከሩሲያ በኩል የሚወርደው ዝርያ በጋውን ቢሾፍቱ አጠገብ ጨለለቃ ላይ ያድራል፣ ቀን ቀን የታጨደ ማሳ ላይ እህል ይለቅማል። እዚያ የቦይ በር የሚከፍት ሠራተኛ የለም፤ ምግቡ ከገበሬው ማሳ የረገፈው ነው። ካሜራ ወይም ስልክ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ወፎቹን ብቻ አታቅርቡ፤ ማሳውን፣ ገበሬውን፣ ከኋላ የሚታየውን የከተማ ቤትም አስገቡ። እንደዚያ ያነሣችሁትን ብታሳዩኝ ደስ ይለኛል።